«ማዘመን» ምን ይሸፍናል? የድረ ገጽ ሶፍትዌርን ከስሪት ወደ ስሪት ለመለወጥ በሚያገለግሉ የአማርኛ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

በኮምፒዩተርና በስልክ የአማርኛ ገጽታዎች ላይ ዘወትር ከሚታዩት ትእዛዞች አንዱ «አዘምን» የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ለአፍም ለዐይንም ይመቻል፤ አረባቡም ከቋንቋው ሥርዓት አይወጣም። ሆኖም እንግሊዝኛው ቢያንስ በአራት ቃላት ለያይቶ የሚጠራቸው ሥራዎች በዚህ በአንዱ ቃል ሥር ተከማችተው ይገኛሉ። እነርሱም አፕዴት፣ አፕግሬድ፣ ፓች እና ማይግሬሽን የሚባሉት ናቸው። ልዩነታቸው የስልክ ተጠቃሚውን ብዙ አያስጨንቀው ይሆናል፤ የመሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በኀላፊነት ለያዘ ሠራተኛ ግን ልዩነቱ በአምስት ደቂቃ ሥራና በአምስት ወር ሥራ መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ አንዳንዴም ገጹ በመኖሩና በመጥፋቱ መካከል ያለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህን ቃላት ነው። የምንነሣበትም አሳብ፣ በሥራ ላይ የዋሉት የአማርኛ ስያሜዎች የሚሠራውን ሥራ ትተው ይገኛል ተብሎ ተስፋ የሚደረገውን ውጤት ብቻ ስለሚጠሩ ተጠቃሚውን ያሳስታሉ የሚል ነው።

ቃል የሚፈተነው በሚያገለግልበት ቦታ ነውና መፈተኛችንን ከአዲስ አበባ አርቀን ገንዳ ውሃ ላይ አቁመነዋል። ገንዳ ውሃ የምዕራብ ጎንደር ዞን ርእሰ ከተማ ነው፤ ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ድንበር በሚወርደው መንገድ ላይ ይገኛል። ዞኑ የተቋቋመው የቀድሞው ሰሜን ጎንደር በ2010 ዓ.ም. ገደማ ለሦስት ሲከፈል ስለሆነ፣ የቆዩ ጽሑፎች መተማን በሰሜን ጎንደር፣ አዲሶቹ በምዕራብ ጎንደር ሥር ይመዘግቡታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ይታወቃል። እንበልና በዚህ ከተማ የአንድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ መገናኛው ሲመለስለት፣ በገጹ ራስ ላይ «አዘምን» የሚል ምልክት ተደቅኖ ቢያገኘው ምን ይረዳል? ቃሉ ምን እንዲያደርግ፣ ከምንስ እንዲጠነቀቅ ይነግረዋል?

ለቃላቱ ፍርድ ከመስጠት በፊት የሚጠሩትን ነገር ማወቅ ይገባል። ድሩፓል (2001 እ.ኤ.አ.)፣ ዎርድፕረስ (2003) እና ጁምላ (2005) የተባሉት የይዘት ማደራጃ ሶፍትዌሮች የተዘጋጁት የኮምፒዩተር ቋንቋ የማያውቅ ሰው ጽሑፍና ሥዕል በድረ ገጽ ላይ ሊያወጣ እንዲችል ነው። (የሦስተኛው ስም «ሁሉም በአንድነት» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል የተወሰደ ሲሆን፣ ስዋሂሊውም ከዐረብኛ ያገኘው ነው፤ የመተማ ገበያ «ጅምላ ነጋዴ» ሲል የሚጠራው ያንኑ ሥር ነው። ስለዚህ ሳናውቀው ዘመድ ቃል ገብቶልናል።) ጽሑፉ በውሂብ ጎታ ይቀመጣል፤ የገጹ መልክ በሌላ ክፍል ይዘጋጃል፤ ተጨማሪው አገልግሎት ተሰኪ በሚባሉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ይቀጠላል፤ ከሁሉም በታች ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አለ። እነዚህን ክፍሎች የሚሠሯቸው እጆች የተለያዩ ናቸው፤ የሚለወጡበትም ጊዜ አይገጥምም። አንዱ ወደ ፊት ሲራመድ ሌላው ባለበት ይቆያል። በዲሴምበር 2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰባተኛው የፒኤችፒ ስሪት ከጎታው ጋር መነጋገሪያ የነበሩትን የቀድሞ ትእዛዞች ጨርሶ ባስወገደ ጊዜ፣ በእነዚያ ትእዛዞች የተጻፉ ተሰኪዎች ሁሉ አብረው ሥራቸውን አቆሙ። ተጠቃሚው ያየው አንድ ነጭ ገጽ ብቻ ነው። ያደረገው ነገር ቢኖር «አዘምን» ሲባል እሺ ማለቱ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የድሩፓል ታሪክ ነው። ሰባተኛው ስሪት በጃንዋሪ 2011 እ.ኤ.አ. ወጥቶ ድጋፉ ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 አበቃ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ስሪቶች የተገነቡት በሌላ መሠረት ላይ ስለሆነ፣ የድሮውን ገጽ በቦታው ላይ ወደ አዲሱ መለወጥ አይቻልም፤ አዲስ ገጽ በጎኑ ይሠራና ይዘቱ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይጓዛል። ይህን ደግሞ «ማዘመን» ማለት፣ ጎጆ አፍርሶ በሌላ ቦታ መሥራትን «ግድግዳ መረግን» ብሎ እንደ መጥራት ነው። በአንድ ቃል የተጠራ ነገር በአንድ ዐቅድና በአንድ በጀት ይታሰባል፤ ጉዳቱ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ወደ ቃሉ እንመለስ። «ዘመነ» የሚለው ግሥ ከ«ዘመን» የወጣ ነው፤ አድራጊው «አዘመነ» ይሆናል። ከዚህም ሁለት የድርጊት ስሞች በአንድ ጊዜ ሥራ ላይ ውለዋል፤ አንዳንዱ «ዝማኔ» ይላል፣ ሌላው «ዝመና»። ሁለቱም በሥርዓት የተረቡ ናቸው፤ የመጀመሪያው በ«ወሰነ፣ ውሳኔ» እና በ«በየነ፣ ብያኔ» መንገድ፣ ሁለተኛው በ«ለመነ፣ ልመና» መንገድ ይሄዳል። አንዳንድ ሰዎች ሁለቱን ከፍለው አንዱን ለአፕዴት፣ ሌላውን ለአፕግሬድ መመደብ ይቻል እንደ ሆነ ሲጠይቁ ሰምተናል። በወረቀት ላይ ያምራል፤ ነገር ግን በሁለት አናባቢ ብቻ የሚለዩ ሁለት እንግዳ ቃላትን ሠራተኛው ለይቶ እንዲይዝ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ከቅርጽ ይልቅ የሚያሳስበን ስሜቱ ነው። «ዘመናዊ» የሚለው ቃል በአማርኛ ውስጥ ከመቶ ዓመት ያህል ጊዜ ወዲህ የውዳሴ ቃል ሆኖ ኖሯል። «አዘምን» የተባለ ሰው እምቢ ቢል ኋላ ቀር ይባላል እንጂ ጠንቃቃ አይባልም። እንግሊዝኛው አፕዴት ግን ከቀኑ ጋር ማስተካከል ማለት ብቻ ነው፤ ሙገሳ የለበትም።

«ማሻሻል» የሚሉም አሉ። ይህ ደግሞ ከ«ተሻለ» የወጣ ስለሆነ ፍርዱን አስቀድሞ ይሰጣል፤ በሽተኛው መድኀኒቱን ሳይውጥ «ተሽሎታል» እንደ ማለት ነው። «ደረጃ ማሳደግ» የሚለው በቢሮ አካባቢ ሌላ ቦታ ተይዟል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ደረጃ ዕድገት ሲሰማ የሚያስበው ስለ ደመወዙ ነው። «ማላቅ» የተባለውም የቅኔ ቤት ጠረን አለው፤ በትእዛዝ አንቀጽ «አልቅ» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ጆሮ ወዲያው ወደ «አለቀ» ይሄዳል። ለተበላሸ ድረ ገጽ ምናልባት የሚገጥም ይሆን ይሆናል፤ ለትእዛዝ ግን አይሆንም።

እኛ የምንመርጠው ከቢሮውና ከገበያው የተገኙትን ቃላት ነው። ትንንሹንና በየጊዜው የሚመጣውን የጥንቃቄ ለውጥ «እድሳት» ማለት ይበቃል። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ መታወቂያ ይታደሳል። የመተማ ሰሊጥ ነጋዴ ፈቃዱን ሲያሳድስ ሱቁ ይለወጣል ብሎ አይጠብቅም፤ ሳያሳድስ ቢቀር ግን እንደሚያስቀጣው ያውቃል። ይህ የአፕዴት ትክክለኛ ትርጕም ነው። ዎርድፕረስ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሱ ጊዜ፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ የሚያከናውናቸው ጥቃቅን ለውጦች ሁሉ በዚህ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። «አድስ» አንድን ገጽ መልሶ ለመክፈት በአንዳንድ ገጽታዎች ላይ መዋሉ እንቅፋት ነው፤ ለዚያ «እንደገና ክፈት» ቢባል እንቅፋቱ ይነሣል። ትልቁን ለውጥ፣ ማለትም አፕግሬድን፣ «ሽግግር» እንለዋለን። ሽግግር ሲባል ኢትዮጵያዊ አንባቢ በሁለት ነገሮች መካከል ያለ፣ መጨረሻው ያልታወቀ፣ ዝግጅት የሚጠይቅ ጊዜ መሆኑን ሳይነገረው ይረዳል፤ በ1983 ዓ.ም. እና ከዚያ ወዲህ ቃሉን ደጋግሞ ሰምቶታልና። በጎም ክፉም አይልም። ለፓች «መጣፊያ» አለን፤ የተቀደደ ልብስ ይጣፋል። «ጣፈ» በድሮው አነጋገር «ጻፈ» ማለትም ስለሆነና መጽሐፍም «መጣፍ» ይባል ስለነበር፣ የፕሮግራም ጽሑፍን በጽሑፍ ለሚጠግን ሥራ ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ያዳግታል።

እንግሊዝኛውም ከነቀፋ ነጻ አለመሆኑን ማስታወስ ያሻል። ዎርድፕረስ ራሱ ጥቃቅኑንም ታላላቁንም ለውጥ በአንድ የአፕዴት ምልክት ሥር ያቀርባል። ተርጓሚው ምንጩን ቃል በቃል ተከትሎ ቢሄድ የምንጩን ጉድለት ጭምር ይወርሳል። በዚህ ቦታ ትርጉም ከምንጩ የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ሊሆንም ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ማይግሬሽንን በቀጥታ «ፍልሰት» ብለው የሚመልሱ አሉ። የቃሉ የግዕዝ ታሪክ ለዚህ ጉዳይ የሚመች ነው፤ «ፍልሰተ ዐፅም» ሲባል የተከበረ ነገርን ሳይበተን፣ በጥንቃቄ፣ ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር ነው። ይዘትም እንዲሁ ቢፈልስ መልካም ነበር። ነገር ግን የዛሬው አንባቢ ቃሉን የሚያገኘው በሌላ ስፍራ ነው። መተማ ብዙ ወጣቶች ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ የሚወጡበት በር ሆኖ የኖረ ነው፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም በዚያው በር እጅግ ብዙ ሰዎች ሸሽተው ገብተዋል። በገንዳ ውሃ «የመረጃ ፍልሰት» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ስለ ስደተኞች የተሰበሰበ መረጃ ነው ብሎ ቢያስብ አንፈርድበትም። «ዝውውር» የሚለውም ከሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር ጋር ተቆራኝቷል። ስለዚህ ስሙን ትተን «ማዛወር» የሚለውን አርእስት እንወስዳለን፤ «ይዘቱን ወደ አዲሱ ገጽ ማዛወር»። ፍጹም ነው አንልም፤ ከሁለቱ ግን ያነሰ ሸክም ተሸክሟል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረን ግን «ምትኬ» ነው። ባክአፕ ለሚባለው፣ ከሽግግር በፊት ለሚወሰደው የይዘት ቅጂ፣ ይህ ቃል በስልኮችና በኮምፒዩተሮች ላይ በሰፊው ገብቷል። የፈጠረው ሰው የቋንቋ ጆሮ ያለው መሆኑን አንጠራጠርም። ምትኬ፣ ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ለማን እንደሚወጡ አንባብያን ያውቃሉ፤ አንድ ልጅ ሞቶባት ከዚያ በኋላ ሌላ የወለደች እናት የምታወጣቸው ናቸው። ምትክ ከሞት በኋላ ይመጣል። ባክአፕ ግን ከሞት በፊት ካልተዘጋጀ ከቶ የለም። ቃሉ የጊዜውን ቅደም ተከተል ገልብጦታል፤ «ምትኬ» ያለው ሰው ነገሩ ሲጠፋ የሚፈለግ ነው ብሎ ቢያስብ ቃሉ ራሱ መርቶት ነው። ገበሬው ከሰሊጡ ለዘር የሚለየውን፣ እስኪዘራ ድረስ ቢራብም የማይነካውን፣ ምትክ አይለውም፤ መጠባበቂያ ነው። የምግብ መጠባበቂያ፣ የውሃ መጠባበቂያ እንላለን። «መጠባበቂያ ቅጂ» ረዘም ይላል፤ ነገር ግን መቼ መወሰድ እንዳለበት ይናገራል። «ምትኬ» ለሌላው ሥራ፣ ገጹ ከተበላሸ በኋላ ከቅጂው መልሶ ለሚቆመው ገጽ፣ ቢተው ደስ ይለናል።

በፊደላችን ምክንያት የሚደርስ ችግርም አለ። አማርኛ በጽሑፍ ጥብቀትንና ላልነትን አያሳይም። «ጫነ» ለኢንስቶል ተወስዷል፤ «ተጫነ» ደግሞ የምልክት መንኪያ ሆኗል። ውጤቱ «ለመጫን ይጫኑ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው። አንባቢው የመጀመሪያውን አላልቶ ሁለተኛውን አጥብቆ ካነበበ ትርጕሙ ይገኛል፤ ቢገለብጠው ግን ምልክቱን ለመንካት ሲል ፕሮግራም ሊያስገባ ነው። «ይጫኑ» ደግሞ በተደራጊነት «እነርሱ ይጫኑ» ተብሎ መነበቡ አይቀርም፤ የጭነት መኪና ከተማ ውስጥ ይህ ንባብ የሚቀድም ይመስለናል። ለኢንስቶል «ተከላ» የሚለው ከኮምፒዩተር በፊት በፋብሪካ የኖረ ቃል ነው፤ የማሽን ተከላ እንላለን። መትከል ካለ መንቀልም አለ፤ የማይሠራ ተሰኪ ይነቀላል። ሁለት የተያያዙ ሥራዎች ሁለት የተያያዙ ቃላት አገኙ ማለት ነው። ምልክት ለመንካትም «ይንኩ» ይበቃል።

በዚሁ አጋጣሚ የአክብሮትን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። «አዘምን»፣ «አስወግድ»፣ «ሰርዝ» የሚሉት ትእዛዞች ሁሉ አንድን ወንድ በ«አንተ» ያዝዛሉ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ሴት ብትሆን፣ ወይም በዕድሜ የገፉ ሰው ቢሆኑ፣ ማንም የአገሬው ሰው በዚህ አነጋገር አይጠራቸውም። በእንግሊዝኛው ውስጥ ይህ ጥያቄ የለም፤ በአማርኛ ግን ሳይመረጥ የሚታለፍ አይደለም። «ማደስ»፣ «መሰረዝ» እያሉ በአርእስት መጻፍ ጾታንም ማዕረግንም ያስቀራል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ቃላት ምርጫ ነው። ለተርጓሚዎች ግን ከምርጫው የከበደ ሐዘን አለ፤ ሽግግሩ ትርጉሙን ራሱን ይበላል። እንደ ዎርድፕረስ ያሉት ሶፍትዌሮች ትርጉምን የሚያከማቹት ጌትቴክስት በተባለው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር እንደ ቁልፍ ሆኖ ያገለግላል፤ አማርኛውም ከዚያ ቁልፍ ጋር ታስሮ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ስሪት የእንግሊዝኛው ጸሓፊ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቢጨምር ቁልፉ ይለወጣል፤ አማርኛው እንዳለ ቢኖርም አይወጣም፤ በቦታው እንግሊዝኛው ይታያል። ትርጉሙን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ክፍተቱን ተከታትሎ የሚሞላ ደመወዝተኛ የለም። ስለዚህ በየሽግግሩ ገጽታው ግማሽ አማርኛ ግማሽ እንግሊዝኛ እየሆነ ይሄዳል። ሠራተኛው ሥራውን የተማረው በአማርኛው ከሆነ፣ ትናንት «ረቂቅ» ይል የነበረው ቁልፍ ዛሬ በማያውቀው ፊደል ሲጽፍበት አዲስ ነገር የተጨመረ ይመስለዋል።

በዲሴምበር 2018 እ.ኤ.አ. አምስተኛው የዎርድፕረስ ስሪት ሲወጣ የሆነው ከዚህም ያለፈ ነው። ጽሑፍ የሚጻፍበት ገጽ ሙሉ በሙሉ ተለወጠ፤ ስሙም በታላቁ አታሚ በጉተንበርግ ተሰየመ። ጽሑፍ እንደ ድሮው ወጥ ሆኖ መጻፉ ቀርቶ «ብሎክ» ከሚባሉ ክፍሎች የሚገነባ ሆነ። ይህን ቃል ያለ ዐውዱ ያገኘው መሣሪያ ወይም ችኩል ተርጓሚ «አግድ» ሊለው ይችላል፤ «አንቀጽ ጨምር» መባል የሚገባውም «እገዳ ጨምር» ይሆናል። በድንበር ከተማ «እገዳ ጨምር» የሚል ትእዛዝ የኬላ ነገር ነው። ብሎኬት በአገራችን ቤት ሁሉ የገባ ቃል ስለሆነ፣ እኛ ከዚህ ላይ አዲስ ቃል ከመፍጠር «ብሎክ» ብሎ መተውን እንመርጣለን። የግድ ሁሉም ይተርጎም የሚለው አቋም በቃላት ሥራ ውስጥ ብዙ ጊዜ አክስሮናል።

መልካም የተሠሩትንም ማመስገን ተገቢ ነው። «ውሂብ» ከ«ወሀበ» ወጥቶ «የተሰጠ» የሚለውን የላቲኑን ፍቺ በልኩ ይዟል፤ ከእህል ማከማቻው «ጎታ» ጋር ሲጣመር ቆላውም ደጋውም ይገባዋል። «ልጥፍ» ደግሞ በወረዳው ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ላየ ሰው ማብራሪያ አይጠይቅም። «ድረ ገጽ» ግን ድል ያደረገ ስሕተት ነው። በግዕዝ ዘርፍና ባለቤት አያያዝ «ቤተ መጻሕፍት» የመጻሕፍት ቤት እንደ ሆነ ሁሉ «ድረ ገጽ» የገጽ ድር ይሆናል፤ የተፈለገው የድር ገጽ ነበር። ተፎካካሪው «መካነ ድር» ሥርዓቱን የጠበቀ ቢሆንም ተረስቶ ቀርቷል። ሕዝብ የተቀበለውን መንቀል አይቻልም፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ርእስ ላይ ሳይቀር ተጠቅመንበታል።

ስለ ግዕዝ ፊደል ጥቂት እንጨምር፤ በሽግግር ጊዜ የመጀመሪያው ተጎጂ እርሱ ነውና። ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ብራና፣ አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የተባሉት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቁጥር ፊደሉን ያስቀምጡ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። ዩኒኮድም ከመጣ በኋላ ነገሩ አላበቃም። አንድ የግዕዝ ፊደል በጎታው ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው ጎታ ግን እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር ጽሑፉን ሁሉ ላቲን ነው ብሎ ይቀበል ነበር። ጎታው ሲሸጋገርና «ላቲኑን» ወደ ዩኒኮድ ሲለውጥ፣ ቀድሞውንም ዩኒኮድ የነበረውን አማርኛ ሁለተኛ ጊዜ ይለውጠዋል። የሦስቱ ባይቶች የመጀመሪያው ለዋናው ፊደል ገበታ ሁሉ አንድ ዐይነት በመሆኑ፣ «ገንዳ ውሃ» በአምስት ጭረት የተጣለባቸው የላቲን «ኤ» ፊደላትና በመካከላቸው በተሰገሰጉ ትርጕም የለሽ ምልክቶች ተተክታ ትወጣለች። ይህን ያየ ሠራተኛ ጽሑፉ ጠፋ ብሎ ያዝናል። አልጠፋም፤ ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ሊመለስም ይችላል። ነገር ግን መጠባበቂያ ቅጂ ሳይወስድ እጁን በእጁ እያረመ ከቀጠለ በእርግጥ ይጠፋል።

የአድራሻው ነገርም አለ። በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል በዘጠኝ ምልክቶች ይጻፋል፤ «ገንዳ ውሃ» ብቻዋን 46 ምልክት ትፈጃለች። ዎርድፕረስ ለርእሱ የሚፈቅደው 200 ስለሆነ «የገንዳ ውሃ ከተማ አስተዳደር የሰሊጥ ገበያ ማስታወቂያ» የሚል ርእስ «ገበያ» ሳትፈጸም ተቆርጦ ይቀራል። ወደ ሌላ ሶፍትዌር ሲዛወር ደግሞ አዲሱ በራሱ ልክ ይቆርጠዋል፤ የቆዩት ማያያዣዎች ሁሉ ባዶ ቦታ ያመለክታሉ።

በመጨረሻ የከተማዋ ስም ራሱ አለ። ስለ ሞክሼ ፊደላት በቀድሞው የቋንቋ አካዳሚ ዘመን ብዙ ተብሏል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የጽሕፈት ውበትና የትምህርት ድካም ነበር። ዛሬ የመገኘትና ያለመገኘት ጉዳይ ሆኗል። «ውሃ» የሚለው ቃል በ«ው» ወይም በ«ዉ» ሊጀመር፣ በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊጨረስ ይችላል፤ ስሙም ተያይዞ ወይም ተለያይቶ ይጻፋል። ይህ 24 መልክ ይሰጣል። አንባቢው ሁሉንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ የይዘት ማደራጃው ግን 24 የተለያዩ ስሞች ናቸው ይላል። በ«ውኃ» የተጻፈ የቆየ ማስታወቂያ በ«ውሃ» ለሚፈልገው ሰው የለም ማለት ነው፤ ሽግግሩን ሲያካሂድ አንዱ ሠራተኛ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው አጻጻፍ ቢመዘግብ ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ የቦታ ስሞች መዝገብ በሚዘጋጅበት ጊዜ «ገንዳ ውሃ» መሪ ቃል ሆኖ፣ የቀሩት አጻጻፎች ወደ እርሱ የሚመሩ ተጠቋሚዎች ሆነው እንዲገቡ፣ ይህም ዝርዝር ከሶፍትዌሩ ጋር ሳይሆን ከይዘቱ ጋር ተቀምጦ በየሽግግሩ አብሮ እንዲዛወር ሐሳብ እናቀርባለን። ከተማዋ «ሸኸዲ» በሚለው ስሟም የምትጠራ ስለሆነች፣ እርሱም ከነልዩ ልዩ አጻጻፉ በዚያው ዝርዝር ውስጥ መግባት ይኖርበታል።